ወይዘሮ ውብነሽ የመጡባቸው ቀናት

ወጋየሁ ፊደል የቆጠረው በሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። «በዚህ ዕድሜ የቀረ ጥርስ ይቆጠራል እንጂ ፊደል አይቆጠርም» ብለው ያሾፉበት ነበሩ። እሱ ግን ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ በቀበሌው አዳራሽ ለሕፃናት በተሠራ አግዳሚ ላይ፣ ጉልበቱ አገጩን ሊነካው ትንሽ እስኪቀረው ተኮራምቶ፣ ሁለት ዙር ተማረና የምስክር ወረቀት ተቀበለ። በዚያን ቀን መምህርቱ ጸሐይወርቅ እጁን ጨብጣ፣ «ጋሽ ወጋየሁ፣ ፊደል እንደ ዶሮ ነው፤ ካልተከታተሉት ጎረቤት ሄዶ ይቀራል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጻፉ» አለችው። እሱም ምክሯን እንደ ንስሐ አባት ቃል ያዘው። ለኋላው ጣጣ ሁሉ መነሻው ይህ መታዘዙ ነው። መካሪዋ ግን ምን ታድርግ፣ ለሰው ሁሉ የሚመከረውን ነው የመከረችው።

ፊደሉ ሥራ ያገኘው አንድያ ልጁ ዳኜ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ ነው። የልጁ እናት ጡት ሳታስጥለው ስለሞተች፣ ወጋየሁ አባትም እናትም ሆኖ ነው ያሳደገው። በ1976 የመጀመሪያው ዙር ተብለው በከባድ መኪና ሲጫኑ፣ ዳኜ ከመኪናው ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «አባዬ፣ ስደርስ እጽፍልሃለሁ! አሁን እኮ ማንበብ ትችላለህ!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ወጋየሁ በዚያች ቃል ኮራ፤ በኋላ ግን በመኩራቱ አፈረ። በተሰጠው የፖስታ ቁጥር ሰባት ደብዳቤ ጻፈ። መልስ አልመጣም።

ሥራው ዘበኝነት ነው። ከመካኒሳ አቦ ቁልቁል ወደ ወንዙ በሚያወርደው መንገድ ላይ ያለ አንድ በአዋጅ የተወረሰ ቪላ ይጠብቃል። አጥሩ ጥርብ ድንጋይ ነው፤ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሎበታል። ተከራዩ ለመንግሥት የጭነት መኪና የሚሸጥ የአንድ የውጭ ኩባንያ ሰው ሲሆን፣ ሰፈሩ «ፈረንጁ» ከማለት ሌላ ስም አላወጣለትም። ፈረንጁ መኪኖቹን ከመርከብ ለመረከብ አሰብ ይወርዳል፤ አንዴ ከወረደ ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ወር ይቆያል። ምግብ አብሳይዋ የምትመጣው እሱ ሲኖር ብቻ ነው። እሱ በሌለበት ግቢው ውስጥ የሚቀሩት ወጋየሁና ሬክስ የሚባል ፈርጣማ ውሻ ናቸው።

ሬክስ የሚበላው ከባሕር ማዶ በቆርቆሮ ታሽጎ የመጣ ሥጋ ነው። ያን ዓመት አገሩ በድርቅ የተመታበት፣ የወሎ ሰው መንገድ ዳር የሚወድቅበት ዓመት ነበር። ወጋየሁ በየማለዳው ቆርቆሮውን ከፍቶ ለውሻው ሲገለብጥለት ሆዱ ይንጫጫበታል። አንድ ቀን ግራ ቀኝ አይቶ በጣቱ ቀመሰው። ጨው የለውም። «አይ ወንድሜ፣ አንተም አልተመቸህም» አለው ውሻውን። ከዚያ ወዲያ አልቀናበትም።

ከአጥሩ ውጭ ያለው ግን ሌላ ዓለም ነው። ጭቃ ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ነው የቆሙት። የቦኖ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ብትመጣ ነው፤ ሴቶች ባልዲና ጀሪካን ተራ አስይዘው ይውላሉ። ፈረንጁ ሣሩ እንዳይደርቅ ብሎ ስላዘዘ ወጋየሁ ጠዋትና ማታ በጎማ ያጠጣል። ውኃው ሣሩ ላይ ሲንፏፏ ድምፁ ከአጥሩ ማዶ ይሰማል። ሰው ውኃ ሲጠማው ድምፁን አያሰማው! ወጋየሁ ይህ ስለሚያሳፍረው የጎማውን አፍ በጨርቅ ይጠቀልለው ነበር። ከማጠጣት ግን አልቀረም፤ እንጀራው ነው።

ጳጉሜ ሲገባ አዲስ መመሪያ ወረደ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ደርሶ ከተማው ጥበቃ በጥበቃ ሆኗል። የውጭ ዜጋ ያለበት ግቢ ሁሉ የገቢና ወጪ መዝገብ እንዲይዝ ተባለ፤ ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የመጡበት ጉዳይ። የቀበሌው የጥበቃ ኃላፊ ጓድ ሙሉሰው ራሱ መጥቶ ሰማያዊ ልባስ ያለው ወፍራም መዝገብ ለወጋየሁ አስረከበው። ሙሉሰው ቀጭን፣ ዓይኑ እንቅልፍ የጠገበ የማይመስል ሰው ነው። «ለፊደል የበቃህ ዘበኛ ስለሆንክ እንተማመንብሃለን። ገጽህ ባዶ ከሆነ ተኝተሃል ማለት ነው» አለና ሄደ።

ወጋየሁ መዝገቡን እንደ ዳዊት በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠው። ችግሩ ግን ሰው የለም። ፈረንጁ አሰብ ነው። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰው በወር አንዴ፣ የኩባንያው ሾፌር ተካ ደግሞ ለውሻው ቆርቆሮ ሊያደርስ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብቅ ይላሉ፤ በቃ። ሰፈርተኛው መዝገቡን ካየበት ቀን ጀምሮ በበሩ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ድሮ «እንዴት አደሩ» ይሉት የነበሩት አሁን አንገታቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ። ዘበኛ ቢሆንም ድሮ ከደሀው ሰፈር ወገን ነበር፤ መዝገብ የያዘ ዘበኛ ግን የማን ወገን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ይህ ነገር ውስጥ ውስጡን በላው።

መዝገቡ ላይ የመጀመሪያዋ እንግዳ ወይዘሮ ውብነሽ ሆነች። ጳጉሜ ሦስት ቀን ዶሮዋ አጥሩን ዘላ ገባችባት። ውብነሽ ከሆሳዕና በኩል የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ሹራብ እየሠራች የምትተዳደር አርባ አምስት ዓመት ያህል የሆናት ሴት ናት። ጴንጤ ናት፤ ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ስምንት ዘጠኝ ሰው ከእሷ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ በለሆሳስ ይጸልያል። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም። ጎረቤቷ ባለሱቋ ከድጃ እስላም ናት፤ ሐሙስ በደረሰ ቁጥር ከውብነሽ ደጅ የተደረደረውን የእንግዳ ጫማ ሰብስባ በሱቋ ጓሮ ትደብቅላታለች። ጫማው ሲበዛ ያሳብቃልና።

ወጋየሁ ውሻውን አስሮ ውብነሽን አስገባት። ሁለቱም ዶሮዋን ከጽጌረዳው ሥር እስኪያወጧት ድረስ ተሯሯጡ፤ ወጋየሁ ወደቀ፤ ውብነሽም ሳቀች። ስትሄድ መዝገቡን አውጥቶ በዝግታ ጻፈ። ው፣ ብ፣ ነ፣ ሽ። የሚያምሩ፣ እጁን የማያስቸግሩት ፊደላት ናቸው። ጉዳይ፦ ዶሮ።

ከሳምንት በኋላ ለውለታው ብላ በሣህን ቆጮና ጎመን ይዛለት መጣች። በሩ ላይ ቆማ፣ «ጋሽ ወጋየሁ፣ ልጅዎ ጻፈ ወይ?» አለችው።

እንደዋዛ ነው የጠየቀችው። ግን ዳኜ ከሄደ ወዲህ ስለ ልጁ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሌላው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የጦር ሜዳ ነገር ስለሆነ ክፉ ወሬ ላለመስማት ብሎ ነው ዝም የሚለው። ወጋየሁ ቆጮውን ወደ ራሱ ገበታ ገልብጦ ሣህኗን መለሰላት። «እስካሁን አልጻፈም» አለ። «ይጽፋል፤ እግዚአብሔር ይጠብቀዋል» አለችውና ሣህኗን ተቀብላ ሄደች። ከዚያ በኋላ ወደዚያ በር አልመጣችም። ምን ሥራ አላት?

በመሐሉ መስከረም ሁለት ነበር። ያን ዕለት ቀበሌው በሙሉ ከሌሊቱ ተቀስቅሶ ለሰልፍ ወደ አብዮት አደባባይ ተነዳ። ያለ ጥብቅ ምክንያት መቅረት አይፈቀድም፤ ስም እየተጠራ ነው የሚኬደው። ወጋየሁ ብቻ የውጭ ዜጋ ንብረት ጠባቂ ተብሎ ወረቀት ተጽፎለት ቀረ። ሰፈሩ እንደዚያ ቀን ጭር ብሎ አያውቅም። ሕፃን አይጮኽ፣ ሙቀጫ አይሰማ፣ የአቦ ደወል እንኳ ዝም። ከመንገድ ማዶ ለበዓሉ ተብሎ የጎስቋላ ቤቶቹን ፊት የከለለው አዲስ የቆርቆሮ አጥር ፀሐይ ሲያርፍበት ብቻ ጠሽ ጠሽ ይላል። ሬክስም ሳይቀር ተሰላችቶ ተኛ። ወጋየሁ መዝገቡን ከፈተ። ገጹ ነጭ ነው። «ገጽህ ባዶ ከሆነ ተኝተሃል ማለት ነው» የተባለው ትዝ አለው፤ «በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጻፉ» የተባለውም። ለልጁ እንዳይጽፍ ስምንተኛውን ደብዳቤ ፈራው። ስለዚህ እጁ የለመደውን ስም ጻፈ። ወ/ሮ ውብነሽ። አራት ሰዓት ገቡ። ጉዳይ፦ ሰላምታ።

ጽፎ ሲያየው ደስ አለው። ሰው የመጣለት መሰለው።

ነገር ከጀመሩት አይቀርምና በማግስቱም ደገመው። ከዚያም በሦስተኛው ቀን። አሁን ደግሞ ጉዳይ በሚለው ቦታ ላይ እሷ የተናገረችውን፣ እሱም የመለሰውን መጻፍ ጀመረ። ለማንም የማይነግረውን እሷን አስመስሎ ለራሱ ይነግረዋል። አንዳንድ ቀን ትቆጣዋለች፣ አንዳንድ ቀን ታጫውተዋለች። ይህን የሚያነብ ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም። መዝገብ የሚሰበሰብ መሆኑን ዘንግቶት አይደለም። ግን ሰባት ደብዳቤ ልኮ አንድ መልስ ያላገኘ ሰው ነው፤ ጽሕፈት ማለት ከእጅ ከወጣ በኋላ ማንም የማያነበው ነገር መስሎት ነበር።

ጥቅምት ሲያልቅ የጥበቃ ጓዶች መጥተው መዝገቡን ወሰዱት። ኅዳር አራት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከድጃ ነጠላዋ ከትከሻዋ እየወደቀ እየሮጠች መጥታ የብረት በሩን በመዳፏ ደበደበችው።

«ወጋየሁ! ክፈት!»

ድሮ «ጋሽ ወጋየሁ» ነበር የምትለው። ከፈተላት።

«ውብነሽን ማለዳ መጥተው ወሰዷት። ሠላሳ አንድ ጊዜ ፈረንጅ ቤት ገብታለች ተብላ! ጴንጤ ናት፣ ለፈረንጅ ወሬ ታቀብላለች ተብላ! ስምንት ሰዓት ላይ ከበላይ መኪና መጥቶ ሊወስዳት ነው አሉ።» ትንፋሽ አጠራትና ቆመች። «ቤቷንም ይፈትሻሉ። የነዚያ ሁሉ ሰዎች ስም በመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ተጽፎ ነው ያለው፤ ለጸሎት ብላ የጻፈችው። እኔ ልገባና ላወጣው ብል በሯ ላይ ታጣቂ አቁመዋል። ምን አደረገችህ? ዶሮ ፍለጋ ገባች፣ ቆጮ አበላችህ፤ ሌላ ምን አደረገችህ?»

ከድጃ ጥላው ሄደች።

ወጋየሁ ፀሐይ አናቱ ላይ እስክትወጣ ድረስ በግቢው ውስጥ ተንጎራደደ። በዚያ ዘመን ከበላይ የመጣ መኪና ላይ የወጣ ሰው ተመልሶ መምጣቱን ማንም አይናገርለትም። መናገር ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ የመንግሥት መዝገብ ላይ ውሸት ጽፌያለሁ ማለት ነው። እንጀራው ያልቃል፤ ይታሰራል። ይህ እንኳ ይሁን። ግን ለምን ጻፍክ ሲሉት ምን ይላል? የሃምሳ ስድስት ዓመት ሽማግሌ፣ ሰው ስለናፈቀኝ ብሎ ለጎረምሳ ታጣቂ ይናገራል? ከእስሩ ይልቅ ይህ ከበደው። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አለ።

ከዚያ ግን ሬክስን አሰረ፤ ውኃ ቀዳለት፤ በሩን ከውጭ ቆለፈ። በሰባት ዓመት ዘበኝነቱ ያን በር በሥራ ሰዓት ጥሎ ሲሄድ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀቱን አጥፎ በኮቱ ኪስ ከተተ። ምን እንደሚያደርግለት አያውቅም፤ ሌላ ወረቀት ስለሌለው ነው።

ጓድ ሙሉሰው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት መዝገቡን ከፊቱ ዘርግቶ ተቀምጧል። ውብነሽ ከግድግዳው ሥር በርጩማ ላይ ናት። ነጠላዋን አጥብቃ ተከናንባለች። ወጋየሁን ስታይ ፊቷን አዞረች። በሩ ላይ ሞልቱ የሚባል ጠመንጃ ያነገበ አብዮት ጠባቂ ቆሟል።

«ደግ ጊዜ መጣህ» አለ ሙሉሰው፤ «ልናስጠራህ ነበር። ይቺ ሴት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የገባሁት ብላ ድርቅ ብላለች። መዝገቡ ሠላሳ አንድ ይላል። ምስክር ትሆናለህ።»

«ጓድ ሊቀመንበር...»

«ሊቀመንበር አይደለሁም።»

«ጓድ ሙሉሰው፣ እሷ እውነቷን ነው። ውሸቱ የኔ ነው።»

ሙሉሰው ብዕሩን አስቀመጠ። «ማን አስፈራራህ? ወይስ እነሱ ሃይማኖት ውስጥ ከተቱህ?»

«ማንም አላስፈራራኝም። እኔው ነኝ ስሟን የጻፍኩት። ሳትመጣ።»

«ሳትመጣ ለምን ትጽፋለህ?»

ይኸው ደረሰ፤ የፈራው ጥያቄ። ወጋየሁ ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት አየ። «ገጹ ባዶ እንዳይሆን» አለ። ይህም እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው።

«ሰው ለማዳን ብለህ ትዋሻለህ። እዛ ቁም።»

«አልዋሸሁም! መስከረም ሁለትን ይዩ። በአራት ሰዓት ገባች ይላል። መስከረም ሁለት ማን ነበር እዚህ ሰፈር? ሰዉ ሁሉ አደባባይ አልነበረም? ስሟ በሴቶች ማኅበር ተጠርቷል፤ የእናንተው ወረቀት ላይ አለ።»

ሰውየው ክፉ ይሁን እንጂ ወረቀት አክባሪ ነው። ከመሳቢያ የስም ዝርዝር አወጣ፤ በጣቱ ወረደበት፤ ቆመ። ከውብነሽ ስም አጠገብ የተገኙ ምልክት አለ። ከግርጌው የራሱ ፊርማ ነው።

«አንዱ ውሸት ቢሆን ሠላሳው እውነት ሊሆን ይችላል» አለ፤ ድምፁ ግን እንደቅድሙ አልነበረም። መዝገቡን ወደ ወጋየሁ ገፋው። «ይህ የጭረት ጽሕፈትህ እንደሆነ ደህና አይነበብም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብለህ አንብብ። እሷ ትስማ። የትኛው እውነት፣ የትኛው ውሸት እንደሆነ እየለየህ።»

ወጋየሁ ወደ ውብነሽ አየ። በእሷ ፊት? የትኛውም ቅጣት ከዚህ ይሻል ነበር። ነገር ግን በግድግዳው ሰዓት ሰባት ተኩል ሆኗል። መዝገቡን አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ተጠጋ።

«ጳጉሜ ሦስት። ወይዘሮ ውብነሽ። ጉዳይ፦ ዶሮ። ይህ እውነት ነው።» ገለጠ። «መስከረም ሁለት። ወይዘሮ ውብነሽ። ጉዳይ፦ ሰላምታ። ይህ ውሸት ነው።»

ሞልቱ ከበሩ አንገቱን አስገባ።

«መስከረም ሦስት። ጫማዎ ተቀዷል፤ ለምን አያሰፉትም አሉ። ጊዜ የለኝም አልኩ። ምን ሥራ አለዎትና አሉ። ሄዱ። ውሸት ነው።»

ሞልቱ ሳቀ። ሙሉሰው በዓይኑ ገረፈው። ወጋየሁ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ ማንበቡን ቀጠለ። ፊደል እየሳተ፣ እየተመለሰ፣ አንድም ሳይዘል። ቆጮና ጎመን ያመጣችበትን ቀን «እውነት» አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ውሸት ነው። ዝናብ ይመጣል አሉ፤ ውሸት። የጎማውን አፍ በጨርቅ ማሰርዎን አውቄያለሁ፣ ደግ አደረጉ አሉ፤ ውሸት። ሲያስልዎ ሰማሁ፣ ዳማከሴ ይጠጡ አሉ፤ ውሸት። ውብነሽ መጀመሪያ ላይ ዓይኗ በንዴት ቀልቶ ነበር የምታየው። ስሟን ከአፉ አውጥቶ ከማታውቀው ወሬ ጋር ሲያጋባው መሬቱን በእግሯ ትመታ ነበር። እየቆየ እግሯ ቆመ።

«መስከረም ሃያ ሁለት። ልጅዎ ጻፈ ወይ አሉ። አልጻፈም አልኩ። ውሸት። መስከረም ሃያ አምስት። ልጅዎ ጻፈ ወይ አሉ። አልጻፈም አልኩ። ይጽፋል አሉ። ውሸት። ጥቅምት አንድ። ልጅዎ ጻፈ ወይ አሉ...» እዚህ ላይ መስመሩ ጠፋበትና በጣቱ ፈለገው። ከመስመሩ መነሻ እንደገና ጀመረ። «ልጅዎ ጻፈ ወይ አሉ። ይመጣል፣ መንገድ ላይ ነው አልኩ። ደስ አላቸው። ይህ... ይህም ውሸት ነው።»

ሙሉሰው መስኮቱን ያያል። ሞልቱ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ፤ የሱም ወንድም በዚያው ዙር ተወስዷል።

«እኔ» አለች ውብነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ፤ «ይህን ሁሉ አልተናገርኩም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የተናገርሽው?» አለ ሙሉሰው።

«ስለ ልጃቸው አንዴ ነው የጠየቅኳቸው። አንዴ ብቻ።» ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ምን እያሰበች እንደሆነ አይታወቅም።

ሙሉሰው መዝገቡን ዘጋ። ከበላይ ላሉት ልኮ፣ ሰላይ ይዣለሁ ብሎ አስነግሮ፣ የተያዘችው በሽማግሌ ዘበኛ ጭውውት ነው ቢባል መሳቂያ የሚሆነው ራሱ ነው። ይህን ሲያስብ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። «ሴትዮ፣ ሂጂ» አለ። «ታጣቂውን ከበርሽ ላይ አነሳዋለሁ፤ መኪናውንም እመልሰዋለሁ። አንተ ግን የመንግሥት ሰነድ አበላሽተሃል። ትታሰራለህ።»

ውብነሽ ተነሣች። በወጋየሁ አጠገብ ስታልፍ ለአፍታ ቆም ያለች መሰለው። ይቅርታ ሊላት አስቦ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

የቀበሌው እስር ቤት ከአዳራሹ ጀርባ ያለ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ነው። ምግብ የሚያቀርብ መንግሥት የለም፤ እስረኛን የሚያበላው ቤተሰቡ ነው። ስንቅ ያመጣ ሰው ሁሉ ስሙ፣ ሰዓቱና ከእስረኛው ጋር ያለው ዝምድና በበሩ ላይ ባለ መዝገብ ይጻፋል። ወጋየሁ መዝገቡን ከሩቅ አየው፤ እንደሱው ሰማያዊ ልባስ ያለው ነው።

በየቀኑ በስድስት ሰዓት ስም እየተጠራ ሳህን በሳህን ላይ ይገባል። የሱ ስም አይጠራም። አብረውት የታሰሩት ቸር ናቸው፤ ከየሳህናቸው ይቆርሱለታል። ግን ለሌላ ከተላከ እንጀራ መቁረስ ሌላ ነው፤ ጎርሰህ ጎርሰህም ሆድህ አይሞላም። ሾፌሩ ተካ አንድ ቀን በአጥር ሥር ቆሞ ኩባንያው ሌላ ዘበኛ መቅጠሩን ነገረው። «ሬክስስ?» አለ ወጋየሁ። «በሁለት ቀን ለመደው» አለው ተካ። ወጋየሁ ሣሩ እየጠጣ መሆኑን አልጠየቀም።

ሰፈሩ ምን እንደሚል ይገምታል። መዝገቡ ላይ የጻፈው ሁሉ በሞልቱ አፍ ወጥቶ ቦኖው ጋ ሳይደርስ አልቀረም። ሴቶቹ ባልዲ አስይዘው ስለ እሱ ጫማ ይስቃሉ። ውብነሽም ትስቅ እንደሆነ ያስባል። ከድጃ ይቅር እንዳላለችው ያውቃል፤ ይቅር ማለትም የለባትም። ዳኜ ቢጽፍ እንኳ ደብዳቤው የሚመጣው ቪላው በር ላይ ነው፤ አዲሱ ዘበኛ ደግሞ ማንበብ አይችል ይሆናል። ይህ ሐሳብ ነበር እንቅልፍ የሚነሳው።

በዘጠነኛው ቀን፣ ስም ሲጠራ እሱ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኝቶ ነበር። የስንቅ ሰዓት ለሱ ዞሮ የመተኛ ሰዓት ሆኗል።

«ወጋየሁ!» አለ ሞልቱ ከበሩ። የዚያን ቀን ተረኛው እሱ ነው።

ሌላ ወጋየሁ ያለ መሰለው።

«አንተ ሽማግሌ፣ ስንቅ መጥቶልሃል!»

ተነሥቶ ሄደ። ሞልቱ በጨርቅ የታሰረ ሣህን ሰጠው። ቋጠሮው ጠብቋልና በጥርሱ ስቦ ፈታው። ቆጮ ነው፤ ከላዩ ጎመን። ከታች ይሞቃል።

«ማን አመጣው?»

«ውብነሽ ናታ። ሄዳለች።» ሞልቱ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በብዕሩ ጆሮውን ያካል። «አጉል ሴት ናት። ስምሽን ልጻፍ ብላት አሻፈረኝ አለች። 'ስሜን መዝገብ ላይ አይቼው ጠግቤያለሁ፤ እንዳትጽፈኝ' አለች። ዝምድናሽስ ብላት ዝም። ሳህኑን አስቀምጣ ስትሄድ ደግሞ ተመለሰችና፣ 'ልጅዎ ጻፈ ወይ ብላለች በልልኝ' አለች።»

ወጋየሁ ሳህኑን ይዞ ቆመ። ከመግቢያው በኩል መንገዱ ይታያል፤ ጸጥ ያለ፣ ፀሐይ የመታው፣ ሰው የሌለበት መንገድ። ነጠላ ለባሽ ሴት አልነበረችም።

«ምን ልበላት?» አለ ሞልቱ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማለቴ... ከመጣች።»

«እስካሁን አልጻፈም በላት።»

«እሺ።» ሞልቱ ወደ መዝገቡ ተመለሰ። «እኔ ግን አሁን ምን ላድርግ? ስንቅ ገብቷል፤ ቦታው ባዶ ሊሆን ነው። ሙሉሰው ባዶ ቦታ ካየ ይጮኽብኛል። ዝም ብዬ የሆነ ስም ልጻፍ እንዴ?»

ወጋየሁ እጁን ሰዶ በነጩ መስመር ላይ መዳፉን አስቀመጠ።

«ተወው» አለ። «አትጻፍ። ራሷ መጥታ የለም እንዴ?»

ሳህኑን ይዞ ወደ ጥግ ሄደና ሳይቀዘቅዝ በላ።